ማህተሙ ለብቻው መጣ

መጀመሪያ የምሰድበው ራሴን ነው። ቀስ ብዬ አቶ ስጦታውንም እሰድባለሁ፣ የሞጣዋን ሴትዮም ሳልነካካ አልቀርም፤ ግን ያንን ሥዕል በገዛ እጄ ቆርጬ የለጠፍኩት እኔ ነኝና ከራሴ ልጀምር። ስሜ አምላኩ ነው። ቢቸና ውስጥ አንድ ምርጥ ዘር የሚያከፋፍል ድርጅት አለ፣ እዚያ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ባለሙያ ማለት እንግዲህ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የሚያላቅቅ፣ ቫይረስ የሚያጠፋ፣ ሥራ አስኪያጁ በቃል የሚነግሩትን ደብዳቤ የሚተይብ ማለት ነው።

ነገሩ የጀመረው ለመታየት ነው። አምና ከአዲስ አበባ አንድ አብሮን የሚሠራ ድርጅት ለሥራ አስኪያጃችን ለአቶ ስጦታው ኢሜይል ላከላቸው። ከኢሜይሉ ግርጌ የላኪው ስም፣ ማዕረግና ስልክ ተደርድሯል፣ ከጎኑ ደግሞ የድርጅቱ አርማ በአረንጓዴና በቢጫ ቁጭ ብሏል። አቶ ስጦታው አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፣ መልሰው አድርገው አዩት። ከዚያ አስጠሩኝ።

«አምላኩ፣ እኛስ ምን ጎደለን?»

«ምንም አልጎደለንም፣ ዛሬውኑ እሠራዋለሁ» አልኳቸው።

ሠራሁትም። የስንዴ ዛላ ያለበትን አርማችንን ስካን አድርጌ፣ ጠርዙን አጽድቼ ከስማቸው ሥር አስቀመጥኩት። ሲያዩት ፊታቸው በራ። ትንሽ ቆዩና ግን ግንባራቸውን ቋጠሩት።

«ማህተሙስ?» አሉኝ።

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ፣ ምን ልበላቸው? እኛ አገር ደብዳቤ ማለት ማህተም ነው። ደብዳቤ የተቀበለ ሰው መጀመሪያ ጽሑፉን አያነብም፣ ዓይኑ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ክቡ ማህተም አለ? ፊርማው አለ? ካለ ደብዳቤ ነው፣ ከሌለ ሱቅ ወስደህ በርበሬ ጠቅልልበት። አቶ ስጦታው ደግሞ ማህተሙን ለሰው አያምኑም። በጨርቅ ጠቅልለው ኮታቸው ውስጥ ይዘውት ነው የሚዞሩት፣ ምሳ ሲበሉም፣ ለቅሶ ሲደርሱም። እሳቸው መስክ ከወጡ ባለጉዳይ ሦስት ቀን ደጃፋችን ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ «ማህተሙስ?» ሲሉኝ ሐሳቡ ለእኔም ጥሩ መሰለኝ። ሞኝነቴ!

ነጭ ወረቀት ላይ መቱልኝ፣ በላዩ ላይ ፈረሙበት፣ ስካን አደረግኩት። ነጩን አጥፍቼ ሐምራዊውን ክብና ፊርማቸውን ብቻ አስቀረሁ። ሥዕሉ ትልቅ ነበር፣ ማዕዘኑን በማውዝ ይዤ ገፋ ገፋ አድርጌ አሳነስኩት። ከዚያ በኋላ በእሳቸው ስም ኢሜይል በተጻፈ ቁጥር ከግርጌው አርማ፣ ከአርማው አጠገብ ማህተም ይመጣል። አምሮ ነበር፣ መቼም አልዋሽም። ቀለሙ አልፈሰሰ፣ አልደበዘዘ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ እየዞርኩ አሳየሁ።

የሳቁብኝ የመዝገብ ቤቱ ጋሽ ባንተአምላክ ብቻ ናቸው። ጋሽ ባንተአምላክ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ከርመው የመጡ፣ ሠላሳ ዓመት ወጪና ገቢ ደብዳቤ በእጃቸው የመዘገቡ ሰው ናቸው። ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩና «እንዴ! ይኼ ልጅ ማህተሙን ከወረቀት ነቀለው እኮ!» አሉ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ።

ብሩክታይት የእህቴ የይርጋነሽ ልጅ ናት። እናቷ ጉንደ ወይን ናት፣ እዚያው አርሳ ነው ያስተማረቻት። በኬሚስትሪ ተመርቃ አራት ዓመት ቤት ተቀመጠች። አራት ዓመት! ማስታወቂያ ወጣ በተባለበት ሁሉ ዶክመንቷን በፌስታል ይዛ ያልሄደችበት የለም። «ልጅቷ ተምራ ምን አመጣች» እያሉ ጎረቤቶቹ እናቷን ሲያሳቅቋት ኖሩ። ዘንድሮ በጥር ሞጣ ላይ አንድ ዘይት የሚጨምቅ ፋብሪካ የላቦራቶሪ ሠራተኛ እፈልጋለሁ ብሎ ለጠፈ። ስልሳ ምናምን ሰው ተፈተነ። አንደኛ የወጣችው እሷ! ይርጋነሽ ደውላ በስልክ እልልታዋን አቀለጠችው፣ እኔም ቢሮ ውስጥ ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅኩ።

የቀረው ተያዥ ነበር። ተያዥ ማለት ቋሚ ሥራ ያለው ሰው «ይቺ ልጅ ንብረት ብታጠፋ እኔ እጠየቃለሁ» ብሎ ሲቆምላት ነው፤ የሰውየውም መሥሪያ ቤት «አዎ፣ ቋሚ ሠራተኛችን ነው» ብሎ ማህተም መትቶ ይጽፍለታል። ዘመዶቻችን ገበሬና ቄስ ናቸው። ደመወዝ የሚባል ነገር የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ፋብሪካው ደግሞ ቀን ቆረጠ፦ እስከ አርብ አሥራ አንድ ሰዓት የተያዡ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ካልገባ ተጠባባቂው ይጠራል። ብሩክታይት ቀድማ ሞጣ ገብታ አንድ የአባቷ ዘመድ ቤት አርፋ ትጠብቃለች።

በደህና ጊዜ ቢሆን ምን ችግር አለው። ደብዳቤው ይጻፋል፣ ማህተም ይመታል፣ ለአውቶቡስ ሹፌር ይሰጣል፣ በደብረ ወርቅ በኩል ከሰዓት ሞጣ ይደርሳል። አቶ ስጦታው ግን ሰኞ ለስብሰባ አምበር ሄዱ፣ ማክሰኞ መንገድ ተዘጋ። ለምን ተዘጋ፣ ማን ዘጋው፣ እኔን አትጠይቁኝ። ዘንድሮ መንገድ ሲዘጋ የሚጠይቅ የለም፣ ሲከፈት ነው የምንገረመው። ማህተሙ ከሰውየው ጋር አምበር ቀረ። የስልክ ኢንተርኔት ከጠፋ ወራት ሆኖታል፤ ያለችን የቢሮዋ መስመር ናት፣ እሷም ደስ ሲላት።

አርብ ጠዋት ከብዙ ሙከራ በኋላ አቶ ስጦታውን በስልክ አገኘኋቸው።

«ምን ያስጨንቅሃል?» አሉኝ። «ያ ያሠራነው የኢሜይል ፊርማ አለ አይደል? ደብዳቤውን በእኔ ኢሜይል ጻፍና ላከው። ማህተሙ ከሥሩ አለ።»

«ፈቅደዋል ማለት ነው?»

«ፈቅጃለሁ አልኩህ እኮ! ስብሰባ ላይ ነኝ» ብለው ዘጉት።

እሰይ አልኩ። የእሳቸውን ኢሜይል የምከፍተውም የምጽፍበትም ድሮም እኔው ነኝ። የፋብሪካው የሰው ኃይል ኃላፊ ወይዘሮ ፀሐይነሽ የሚፈልጉትን ነገር ዘርዝረው የላኩት ኢሜይል ነበረ፣ እሱን ከፈትኩና «መልስ» የሚለውን ነካሁ። ደብዳቤውን አሳምሬ ጻፍኩ። መስመሩ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሳይጠፋብኝ ብዬ ቶሎ ላክሁት።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ብሩክታይት ደወለች። ከጠዋት ጀምሮ የፋብሪካው በር ላይ ናት።

«አጎቴ፣ ደርሷል አሉኝ» አለች። ቀጥላም «ግን ማህተም የለውም ይላሉ።»

«እንዴት የለውም?»

«እኔ አላየሁትም። ጽሑፍ ብቻ ነው አሉኝ። አጎቴ፣ እንዳይናደዱ።»

የላክሁትን ከፍቼ አየሁት። ወይ አለማየት! እውነትም ባዶ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኢሜይል የሚጓዘው በሦስት ዓይነት መልክ ነው። አንዱ ኤችቲኤምኤል የሚሉት ነው፣ ሥዕልም ቀለምም ይሸከማል። ሁለተኛው ሪች ቴክስት ነው፣ እሱም ይሸከማል፣ ግን ላኪውም ተቀባዩም አንድ ዓይነት ፕሮግራም ከሌላቸው አይግባቡም። ሦስተኛው ፕሌይን ቴክስት ነው፣ ባዶ ፊደል፣ ሥዕል ብሎ ነገር አያውቅም። ወይዘሮ ፀሐይነሽ የጻፉት በባዶ ፊደል ኖሯል። በባዶ ፊደል ለተጻፈ ኢሜይል ስትመልስ ፕሮግራሙ ሳይጠይቅህ መልሱንም ባዶ ፊደል ያደርገዋል። አርማው በነነ፣ ማህተሙ በነነ። ይኼን እኮ አውቃለሁ! ኮርስ ወስጄበታለሁ፣ ሰርተፊኬቱ ከጭንቅላቴ በላይ ተሰቅሏል። ዓይኔ እያየ ነው ያለፍኩት።

ችግር የለም አልኩና መልኩን ቀይሬ እንደገና ላክሁ። የቀየርኩት ወደ ሪች ቴክስት ነበር። እርስ በርሳችን ቢሮ ውስጥ ስንላላክ እሱን ነው የምንጠቀመው፣ ሁልጊዜ አምሮ ነው የሚታየኝ፣ እጄ ለምዶት እሱን ነካ። አሁን ወይዘሮ ፀሐይነሽ ስልኬን ከብሩክታይት ወስደው ራሳቸው ደወሉ።

«ወንድሜ፣ ምንድን ነው የላኩልኝ? ዊንሜይል ዳት የሚል ነገር ነው የመጣው። ስነካው አይከፈትም። ቫይረስ ነው እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም! የኛው ደብዳቤ ነው፣ ፕሮግራማችሁ ስላልገባው ነው።»

«የኛ ፕሮግራም የሁሉም ሰው ደብዳቤ ይገባዋል» አሉኝ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ አደራ። ልጅቷ እዚህ ፀሐይ ላይ ቆማለች።»

ልክ ለሦስተኛ ጊዜ ልልክ ስል መብራት ጠፋ። ስድስት ሰዓት ላይ ጠፍቶ እስከ ስምንት ተኩል አልመጣም። ጄኔሬተራችን ነዳጅ ከቀመሰ ቆይቷል። ምሳም አልወጣሁ። ጥቁሩ ስክሪን ፊት ተቀምጬ የራሴን ፊት ሳይ ዋልኩ። ጋሽ ባንተአምላክ ገብተው አጠገቤ ተቀመጡና «ይመጣል፣ አይዞህ» አሉኝ። መብራቱን ይሁን ሥራውን አልጠየቅኳቸውም። አርባ ዓመት ያለፈኝ ሰውዬ እንባዬ መጣ።

መብራት እንደመጣ በኤችቲኤምኤል ላክሁ። በዚህኛው እርግጠኛ ነበርኩ። ስክሪኔ ላይ ደብዳቤው ከላይ፣ አርማው ከሥር፣ ማህተሙ ከጎኑ፣ ሁሉም በየቦታው አለ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ናቸው፣ ድምፃቸው ግን ሌላ ሆኗል።

«አቶ አምላኩ፣ ማህተሙ መጣ» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን!»

«ለብቻው ነው የመጣው።»

«እንዴት ለብቻው?»

«ደብዳቤው ላይ በማህተሙ ቦታ ባዶ ሣጥን አለ፣ በውስጡ ቀይ የኤክስ ምልክት። ማህተሙ ደግሞ ከላይ እንደ አባሪ ሆኖ ተንጠልጥሏል፣ ምስል ዜሮ ዜሮ አንድ ይላል። ፕሪንት ሳደርገው ወረቀቱን ሞልቶ ወጣ። ሰፌድ የሚያህል ማህተም! ከነፊርማው! ሌላ ጽሑፍ የለበትም።»

 በማውዝ ገፋ ገፋ አድርጌ ያሳነስኩት በእኔ ስክሪን ላይ ብቻ ነበራ። ሥዕሉ ራሱ እንደ ትልቅነቱ ነው የተጓዘው። የእነሱ ሲስተም ደግሞ ሥዕሎችን ከጽሑፉ መሃል እየነቀለ ለብቻ ያስቀምጣል። ይኼንን ላስረዳቸው ጀመርኩ። ስለ ኤችቲኤምኤል አወራሁ፣ ስለ ፒክሰል አወራሁ፣ የምናገረው ለራሴም ጅል እየመሰለኝ ሄደ። 

«ወንድሜ፣ እርስዎ በኮምፒውተሩ ይበልጡኛል» አሉ ስጨርስ። «እኔ የማውቀው ይኼን ነው። ማህተም የሌለው ደብዳቤ ደርሶኛል፣ ደብዳቤ የሌለው ማህተምም ደርሶኛል። ይኼን ማህተም አሁን እኔ የፈለግኩት ወረቀት ላይ ላሳርፈው እችላለሁ። ታዲያ እርስዎም እንደዚያው አላደረጉም ብዬ በምን ልመን?»

 ልክ ናቸው። ልሰድባቸው ፈልጌ የምሰድብበት አጣሁ። በሩጫ ደብዳቤውን በወርድ ጽፌ፣ ማህተሙን ከሥሩ አስገብቼ፣ ፒዲኤፍ አድርጌ ላክሁ፣ እሱ መቼም አይበተንም ብዬ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ደረሳቸው። የባሰ ሆነ። የቅድሙን ማህተምና ይኼኛውን ጎን ለጎን አድርገው አይተዋቸዋል። የፊርማው ጭራ ክቡን የሚያቋርጥበት ቦታ በሁለቱም አንድ ነው፣ ከዳር የጎደለችው ቀለም በሁለቱም አንድ ናት። «ሁለት ጊዜ የተመታ ማህተም እንዲህ አንድ አይሆንም። ይኼ የተለጠፈ እንጂ የተመታ አይደለም» አሉኝ።

«እመቤቴ፣ ሥራ አስኪያጁ በስልክ ፈቅደዋል! እሳቸውን ይጠይቋቸው!»

«ይደውሉልኝ። በራሳቸው ቃል ይንገሩኝ፣ እቀበላለሁ» አሉ። ክፉ ሴት አይደሉም፣ ይኼንንም መናገር አለብኝ።

አምበር ደወልኩ። በአሥራ አንደኛው ሙከራ አቶ ስጦታው አነሱት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ሰፌዱም ነገርኳቸው።  

«ማህተሜ ለብቻው ወጣ ነው የምትለኝ? ከነፊርማዬ?» አሉ።

«አሁን ቢደውሉላቸው ያልቃል። ሁለት ደቂቃ ነው። እባክዎን፣ የእህቴ ልጅ ናት።»

«እሺ፣ እደውልላታለሁ።»

ከዚያ ስልካቸው ጠፋ። አሥር ሰዓት፣ አይሠራም። አሥር ተኩል፣ አይሠራም። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል ብሩክታይት ደወለች፣ «አጎቴ፣ ደወሉ እንዴ?» አለችኝ፣ «አሁን ይደውላሉ» አልኳት። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ወይዘሮ ፀሐይነሽ አሥር ደቂቃ ጨምረው ጠበቁ። ከዚያ ለእኔ ደውለው የወሰኑትን ነገሩኝ፦ ቦታውን ለጊዜው ለማንም አይሰጡም፣ ለድርጅታችን «ይህ ደብዳቤ የእናንተ ነው ወይ?» የሚል የጽሑፍ ጥያቄ ይልካሉ። የኛ ነው ካልን ልጅቷ በማግስቱ ሥራ ትጀምራለች።

«የኛ አይደለም ካላችሁ ግን» አሉኝ፣ «ነገሩ ቦታ ማጣት ብቻ አይሆንም። በሐሰተኛ ሰነድ ሥራ ልትቀጠር ሞከረች ተብሎ ለሕግ ክፍል ይሄዳል። እኔም ላስቀረው አልችልም።»

ዘጠኝ ቀን ጠበቅን። ብሩክታይት ወደ እናቷ እንዳትሄድ መንገድ የለም፣ ሞጣ እንዳትቆይ ያረፈችበት ቤት አፍራለች። በየቀኑ ትደውላለች፣ አንድ ቀን እንኳ አላማረረችም። ይኼ ነው አንጀቴን የቆረጠው። በአሥረኛው ቀን የአምበር መንገድ ተከፈተ፣ የሞጣው ገና ነው። አቶ ስጦታው ገቡ። የፋብሪካው ጥያቄ ታትሞ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። አነበቡት፣ ጋሽ ባንተአምላክን አስጠሩ።

«በዚያ ቀን ወጪ የተደረገ የዋስትና ደብዳቤ መዝገብ ላይ አለ?»

ጋሽ ባንተአምላክ ወለሉን እያዩ «የለም» አሉ። እውነት ነው፣ ወረቀት ሆኖ ስላልወጣ አልተመዘገበም። ከዚያ እንዲወጡ ተደረገ፣ እኔና ሥራ አስኪያጁ ቀረን።

«ተቀመጥና ጻፍ» አሉኝ።

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። እሳቸው ቆመው እየተንጎራደዱ ነገሩኝ፣ እኔ ተየብኩ። «የድርጅታችን ማህተም በተጠቀሰው ቀን ከሥራ አስኪያጁ እጅ ያልወጣ መሆኑን፣ በተጠቀሰው ቀን ከመዝገብ ቤታችን ወጪ የተደረገ የዋስትና ደብዳቤ አለመኖሩን...» እዚህ ላይ ጣቴ ቆመ።

«አልጽፍም» አልኩ። «እርስዎ ነዎት ያዘዙኝ። ማህተሙን ስካን ያስደረጉኝም እርስዎ፣ በስልክ ፈቅጃለሁ ያሉኝም እርስዎ።»

«በስልክ» አሉ። «ጽሑፍ አለህ?»

«እግዚአብሔር አለ!»

«እግዚአብሔር የድርጅቱ ቦርድ ላይ አይቀመጥም።» ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የተቆጡ አይመስሉም፣ የፈሩ ነው የሚመስሉት። «አምላኩ፣ ስማኝ። የእኛ ነው ብዬ ብጽፍ ማህተሜ በሥዕል ይዞራል ብዬ አመንኩ ማለት ነው። አምና በዚያ ፊርማ ስንት ኢሜይል ላክን? ለማን ለማን ደረሰ? እኔን ያነሱኛል። ከዚያ ማን ስካን አደረገው ይላሉ። ማን ነው ስካን ያደረገው?»

ዓይኔን ወደ ስክሪኑ መለስኩ።

«አንተም ትባረራለህ። ከተባረርክ ለልጅቷ ተያዥ መሆን ትችላለህ? አትችልም። በየት በኩል ብትዞር ሥራው አይደርሳትም። ቢያንስ አንተ ትትረፍ። የአንተን ስም እንዳልጠቅስ አደርጋለሁ።»

 ኪቦርዱን በፊታቸው ልፈጠፍጠው ከልቤ አሰብኩ። ግን የተናገሩትን በሆዴ ደግሜ ደጋግሜ አዞርኩት፣ የሚፈርስበት ቦታ ፈለግኩ፣ አጣሁ። ብጽፍ ልጅቷ ትጠፋለች፣ ባልጽፍ ሁለታችንም እንጠፋለን፣ ይርጋነሽንም ከእንግዲህ የሚረዳት አይኖርም። አፈር ልብላ፣ ተየብኩት። «...ስለሆነም ለመሥሪያ ቤታችሁ የቀረበው ሰነድ የእኛ አለመሆኑን እንገልጻለን።» አንድም ፊደል አልሳትኩም።

አተምኩት። አቶ ስጦታው ከኮታቸው ማህተሙን አወጡ፣ እፍ አሉበት፣ መቱት። ፈረሙ። ጋሽ ባንተአምላክ ቁጥር ሰጡት፣ መዝገቡ ላይ ጻፉት፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ ወጡ። አቶ ስጦታው ለወይዘሮ ፀሐይነሽ ደውለው «መልሳችን አሁን ይደርስዎታል፣ ከእኔ ነው» አሉ። በዚህኛው ጊዜ ስልካቸው ምንም አልሆነም። ወረቀቱን ስካን አድርጌ ላክሁት።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መልስ መጣ፦ «ደብዳቤው በጥሩ ሁኔታ ደርሶናል፣ ማህተሙም በግልጽ ይታያል። እናመሰግናለን።»

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ብሩክታይት ናት። እደውልላታለሁ፣ እነግራታለሁ እያልኩ ነበር፣ ቀደመችኝ።

«አጎቴ! ደረሰ አሉኝ እኮ!» አለች። «ጥበቃው ነው የነገረኝ። የቢቸናው ደብዳቤ ገባ፣ ማህተሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል ሲሉ ሰማሁ አለኝ። እኔማ አጎቴ ዝም አይሉም ብዬ ነበር። ለእናቴም ደወልኩላት፣ ስታለቅስ ነው የተውኳት።»

«ብሩክታይት» አልኩ።

«አቤት አጎቴ።»

አቶ ስጦታው በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። 

«እየጠሩኝ ነው» አለች። «የሰው ኃይል ኃላፊዋ ግቢ በሏት ብለዋል አሉ። ልግባ አይደል?»

«ግቢ ልጄ» አልኳት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ዘጋችው።